መጋረጃው ሲዘጋ የሚቀር ወረቀት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባብያን፣ እኛ ይህ አባባል የገባን ዘንድሮ ነው። ያስተማረንም አንዲት የታጠፈች የቴአትር ፕሮግራም ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እረፍት ሦስታችን የመራዊ ልጆች አንድ ጡረተኛ መምህራችንን ልንጠይቅ ሄድን። ጋሼ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ በወረዱ ቁጥር ቴአትር ይገቡ ኖሯል። ፕሮግራሞቹን በየመጽሐፉ መሐል አስቀምጠዋቸዋል። አንዱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ኦቴሎ» ነው፤ ሌላው የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»። ወረቀቱ ወይቧል፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። ውስጡ ግን የደራሲውና የተዋንያኑ ስም ብቻ አይደለም ያለው፤ መብራት የያዘው፣ ልብስ ያዘጋጀችው ሁሉ ከነአባታቸው ተጽፈዋል።

«ጋሼ፣ ይስጡን! እኛ እንሰበስባለን» አልናቸው።

ሳቁና «እናንተ ከወሰዳችሁት እኔ ምን ልይዝ ነው? ደብተር አምጡና ቅዱ» አሉን።

በልባችን ቅር ብሎን ነበር። ግን ስንቀዳ ዋልን፤ በማግስቱም ተመለስን። ስም በስም ሲጻፍ ሰው ይታያል ለካ!

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ ሲታይ ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትርን እንዳስከለከሉ ተምረናል። የደብረ ኤልያሱን ዮፍታሔ ንጉሤንም በጎጃም ልጅነቱ እንኮራበታለን። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንተነዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን መጋረጃ የሳበውን ሰው ስም ግን ጠይቀን አናውቅም።

ኧረ የራሳችንንስ መች ያዝን! ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ አንድ ድራማ ሠርተን ነበር። እናት ሆና የተጫወተችው ጓደኛችን ወላጆችን ሁሉ አስለቀሰች። እሷ ራሷ ትምህርቷን ሳትጨርስ አቋረጠች፤ ዛሬ የት እንዳለች አናውቅም። ጋሼ ቤት ተቀምጠን ስሟን ልንጽፍ ስንል የአባቷ ስም ከሦስታችንም ጠፋ። ፎቶ የለ፣ ወረቀት የለ። ጥፋቱ የኛው ነው፤ ለመጋረጃ ጨርቅ ስንሯሯጥ አንዲት ገጽ መጻፍ አላሰብንም።

ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ድራማ ክበብ መምራታችን አይቀርም። በወላጆች ቀን ልጆቹ ሲጫወቱ አንድ ወረቀት እንጻፍ፤ ቀኑን፣ የድራማውን ርእስ፣ የሁሉንም ስም ከነአባት፣ ወንበር የደረደረውንም ጭምር። እቤታችሁ አሮጌ የቴአትር ፕሮግራም ያላችሁም አምጡልን። ቀድተን እንመልሳለን።

የእኛ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዚያች ጓደኛችን ስም አለ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ክፍት ነው። በሚቀጥለው እረፍት መራዊ ስንሄድ ጠይቀን እንሞላዋለን።

ከመራዊ ሦስት እጩ መምህራን