ይቺ «ሙድ» የምትባል ቃል

አዲስ አበባ ላደገ ሰው «ሙድ ያዘብኝ» ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ ብል ሙድ ትይዙብኛላችሁ። ልጆቻችሁ እዚህ ሮም የተወለዱ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እስኪ ዛሬ ራት ላይ «ሙድ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸው ከእናንተ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው። በአገሩ የሰውን የጊዜውን ስሜት ይገልጻል፤ ዛሬ ፈካ ነገ ዳመን የሚለውን ማለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ከበድ ይል ነበር፤ ልብንም፣ መንፈስንም፣ ወኔንም ይጨምር ነበር። ጀርመኖች የዚሁን ቃል ዘመድ «ሙት»ን እስከ ዛሬ ለወኔ ይጠቀሙበታል (ለኛ ጆሮ ደስ አይልም እንጂ!)። በዛሬው እንግሊዝኛ አንድ ሰው «ሙድ ውስጥ ነው» ብቻ ከተባለ ተኮሳትሯል፣ አትጠጉት ነው። «ለጭፈራ ሙድ ውስጥ ነው» ከተባለ ደግሞ ጭፈራ አምሮታል።

እኛ ጋ ሲመጣ ሥራው በዛ። «ዛሬ ሙድ የለኝም» እንላለን። ካፌ ገብተን ሙዚቃውና መብራቱ ከተመቸን «ቤቱ ሙድ አለው» እንላለን። «ሙዱ ገብቶኛል»፣ «ሙዴን አጠፋው» አለ። እስከዚህ ድረስ እንግሊዛዊውም እየተንጠባጠበ ይከተለናል። «ሙድ መያዝ» ላይ ስንደርስ ግን መንገድ ይጠፋበታል። ማሾፍ፣ ማላገጥ ነዋ!

ጣልያኖች ለስሜት የራሳቸው «ኡሞሬ» አላቸው። ወጣቶቻቸው ግን «ሙድ»ን ተበድረው ፎቶ ሥር ይጽፉታል፤ «ዛሬ እንዲህ ነኝ» ለማለት። ማሾፍን «ፕሬንዴሬ ኢን ጂሮ» ይሉታል። እዩልኝ፣ «ፕሬንዴሬ» መያዝም መውሰድም ነው፤ እነሱም እንደኛ በመያዝ ነው የሚያሾፉት። እንግዲህ ቶር ፒኛታራ ያደገ ልጅ «ሙድ»ንም «መያዝ»ንም ለየብቻ ያውቃቸዋል፤ ሁለቱ ሲጋቡ ነው ግራ የሚገባው።

ሰፈራችን ራሱ እኮ ስሙን ያገኘው ከድስት ነው። ካዚሊና መንገድ ላይ ያለውን ክብ ፍርስራሽ ታውቁታላችሁ፤ የቆስጠንጢኖስ እናት፣ በመስቀል በዓል የምናነሳት ንግሥት እሌኒ የተቀበረችበት ነው። ግንበኞቹ ጣሪያው እንዲቀልላቸው የሸክላ ዕቃ በግንቡ ውስጥ ከተቱ። «ፒኛታ» ድስት ነው፤ ከዚያ «የድስቶቹ ግንብ»፣ ቀጥሎም ሰፈሩ በሙሉ። «ቻው»ንም አስቡት። አገር ቤት ስንለያይ ብቻ ነው የምንለው፤ እዚህ ሲገናኙም ይሉታል። ልጄን የአገር ቤት ሰዎች «ገና ሳትገባ ቻው አለችን» ብለው ስቀውባታል።

ወደ ልጄ ልመለስ። 11 ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ካለው የወንድሜ ልጅ ጋር በስልክ ያወራሉ። አንድ ቀን ዕድሜዋን ጠየቃት። «11 ዓመት አለኝ» አለችው። እሱ ደግሞ አፉ አያርፍም፣ «የት አስቀመጥሽው?» አላት። ከኋላው ያሉት ሁሉ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔንም ሳቅ አነቀኝ።

ጣልያንኛ ዕድሜን «አለኝ» ብሎ ነው የሚቆጥረው። ልጅቷ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ልጁም ክፋት የለውም፤ አዲስ አበባ ሙድ የሚያዝበት የሚወደድ ሰው ነው፣ ለማይቀርቡት ሰው ማን ይደክማል? እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ክፍሏ ውስጥ በስሟ ሲስቁባት ከርመዋል። ለሷ ሳቁ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት እሑድ ስልኩ ሲጠራ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። በሦስተኛው እናቴ «ልጅቱ አማርኛ ተወች እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይሄኔ ደነገጥኩ። ብዙ ቤት አማርኛው እንዲህ ነው የሚጠፋው፤ ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር ዘመድ ሲስቅ፣ በጣልያንኛ መመለስ ይቀለዋል።

ለወንድሜ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። አፈረ። በሚቀጥለው እሑድ እሱ ራሱ «ፕሬንዴሬ ኢን ጂሮ በይና አስተምሪኝ» አላት። ሦስቴ ሞከረ፣ ሦስቴም አበላሸው። እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። በምላሹ ሙድ መያዝን አስረዳት። በተለይ «ብኝ»ን። በር ዘጋብኝ፣ በር ዘጋልኝ። ፈረደብኝ፣ ፈረደልኝ። አንዷ ፊደል ጠላትን ወዳጅ ታደርጋለች። ይህን በጣልያንኛ በአንድ ፊደል ማለት አይቻልም፤ እሷም ይቺን ነገር በጣም ወደደቻት።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ከፍቷት መጣች። ቦርሳዋን ወረወረችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሻይ ላፍላልሽ ስላት አልፈለገችም። ቆይታ ግን፣

«እማዬ፣ ነይ ሙድ ያዥልኝ» አለችኝ።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። «አጠገቤ ቁጭ በይ፣ ምንም አትጠይቂኝ» ማለት ነው አለች። አዲስ አበባ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቁጭ አልኩ፤ አላረምኳትምም።