«እጅህ ይባረክ» ብቻውን አይበቃም

ወጣቶች ስለ መርካቶ ጽፈው በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚያካፍሉንን ታሪክ አንብበን ስንጨርስ የምንሰጠው አስተያየት ሁለት ዓይነት ብቻ እየሆነ ነው። አንዱ «እጅህ ይባረክ» ነው፤ ሌላው «ይሄን ትተህ ሌላ ሥራ ፈልግ»። የመጀመሪያው ያስደስታል፣ ሁለተኛው ያቆስላል። ጸሐፊው በማግስቱ ጽሑፉን ሲከፍት የቱን አንቀጽ ማቃናት እንዳለበት ግን ሁለቱም አይነግሩትም። ጸሐፊን የሚያሳድገው ሂስ ስንኩሉን ቦታ ለይቶ የሚያሳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ምሁር መሆን ግድ አይደለም፤ የተጻፈለትን ነገር ማወቅ ይበቃል።

አንድ ጸሐፊ በአፄ ምኒልክ ዘመን የሚፈጸም ታሪክ ጽፎ ገጸ ባሕርይውን ዛሬ መርካቶ ባለበት ሥፍራ ጨው ሲያሻሽጥ አሳየን እንበል። «ታሪክ ሳታውቅ አትጻፍ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሚረዳው ግን በዚያ ዘመን ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደነበር፣ ወደ ምዕራብ የተዛወረውም ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት እንደሆነ ነግሮት «ሰውህን አራዳ ብትወስደው ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆማል» የሚለው ነው። ከዚህ የሚበዛው ጉድለት ደግሞ ሌላ ነው። ታሪኮቻችን መርካቶን «ግርግርና ጫጫታ የበዛበት» ብለው ያልፉታል። ምናለሽ ተራ ግን አሮጌ ቆርቆሮና በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ የሚሆንበት ነው፤ ጩኸቱ የመዶሻ ነው። በርበሬ ተራ የገባ ሰው ገና ዞር ብሎ ሳያይ ያስነጥሰዋል። ሸማ ተራ ጥለት ተገላብጦ እየታየ ዋጋ የሚቆረጥበት ነው። ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እዚያው የሚውሉት ነጋዴ፣ ተሸካሚ፣ ደላላና ጀብሎ ናቸው። «እኔ ስለ ድርሰት ምን አውቃለሁ» እያሉ ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል፤ ለመርካቶ ታሪክ ከእነሱ የተሻለ ሐያሲ ከየት ይመጣል?

«ሂስ ባህላችን አይደለም» የሚሉ አሉ። ቅኔ ቤቶቻችን ግን የቆሙት በእርማት ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ያሰናዳውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ቤት፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘበትን ቦታ ያቃኑለታል። የሚታረመው ቅኔው ነው፤ የተማሪው ማንነት ለፍርድ አይቀርብም። በኋላም ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እንደ አማረ ማሞ ያሉ አርታኢዎች ነበሩት። ዛሬ ብዙ ደራሲ በራሱ ገንዘብ ያሳትማል፤ አርታኢ ሳያየው ማተሚያ ቤት የሚገባው ሥራም ጥቂት አይደለም። ከመታተሙ በፊት ያነበብነው እኛ ዝም ካልን ስሕተቱ ሺህ ቅጂ ሆኖ ይወጣል።

«ጀማሪ ተስፋ ይቆርጣል» የሚለው ስጋት ግን እውነት አለው፤ ቀለል አድርጌ አላየውም። በሰው ፊት መታረም ለብዙዎቻችን ውርደት ነው። ስለዚህ የፊደል ግድፈትንና የመሳሰለውን በውስጥ መስመር መላክ ይሻላል፤ በአደባባይ የሚጻፈው ደግሞ የያዘንን ቦታ ጭምር ይናገር። ታሪኩ የት እንደ ሳበንና የት እንደ ለቀቀን መናገር ማንንም አያዋርድም። ያልጠየቀን ሰው ማረም አይገባም የሚለውም በከፊል ያስማማኛል፦ የእናቱን ሞት ጽፎ ያካፈለ ሰው ማጽናኛ እንጂ ስለ አንቀጽ አሰካክ ምክር አይሻም። «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ብሎ አንባቢ የሚያስጠብቅ ግን ሥራውን እንደ ሥራ እንድናይለት ጠይቋል። እሱም ቢሆን «አስተያየት ስጡኝ» ብሎ ከሚተወው «የደላላው ንግግር የመርካቶ ሰው ንግግር ይመስላል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሸራ ተራ የሚውለው አንባቢ በሁለት መስመር ሊመልስለት ይችላል።