ከካንሰር ተርፎ ኳስ ያጣው አምበል

ስለ ስቲሊያን ፔትሮቭ ሲወራ ታሪኩ ሁሌም «ካንሰርን አሸነፈ» ላይ ያልቃል። እኔ ማውራት የምፈልገው ከዚያ ወዲያ ስላለው ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2012 አስቶን ቪላ ኤምሬትስ ላይ በአርሰናል 3 ለ 0 ተሸነፈ። ቡልጋሪያዊው አምበል ፔትሮቭም ተሰልፎ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ትኩሳት ያዘው፤ ማናችንም ብንሆን ጉንፋን ነው ብለን የምናልፈው ዓይነት። ደሙ ተመረመረ። በስድስተኛው ቀን ክለቡ አጣዳፊ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) እንደተገኘበት አስታወቀ። ገና 32 ዓመቱ ነበር።

ያኔ ሌላው ተጫዋች ፋብሪስ ሙአምባ ዋይት ሃርት ሌን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ከወደቀ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። የሙአምባን አወዳደቅ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል፤ የፔትሮቭን ማንም አላየም። ሉኪሚያ የሚጀምረው መቅኔ ውስጥ ነው። ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች እየተባዙ የጤነኞቹን ቦታ ይወስዳሉ፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ ደም ይቀንሳል፣ ሰውነት ኢንፌክሽን የሚመክትበት ኃይል ይዳከማል። አማካይ ተጫዋች ደግሞ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ የሚያካልለው በዚያው ደም ነው። እንዲህ ሆኖ ፕሪሚየር ሊግ ላይ መጫወቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

ዜናው በተሰማ ማግስት ቪላ ከቼልሲ ጋር ተጫወተ። የፔትሮቭ የማሊያ ቁጥር 19 ነበርና ሰዓቱ 19ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ቪላ ፓርክ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ የቼልሲ ደጋፊዎችም ጭምር። እሱ ከቤተሰቡ ጋር ተመልካች መሐል ተቀምጦ ያይ ነበር። ጭብጨባው ከአንድ ዓመት በላይ በየጨዋታው ቀጠለ።

ከወራት ሕክምና በኋላ በሽታው ለቀቀው። በ2013 ግንቦት መግቢያ ላይ ግን ጫማ መስቀሉን ተናገረ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «ተመስገን ነው፣ ዋናው ጤና» ይላል። ልክ ነው፤ ስንቱ አልተረፈም። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያንን ሥራ በ33 ዓመቱ ሲቀማ ሐዘን ላይ ነው። ለሞተ ሰው ድንኳን ይጣላል፣ ይለቀሳል። የተረፈ ሰው ባጣው ነገር ቢያለቅስ ግን ምስጋና ቢስ ይባላል፤ ስለዚህ ውስጥ ውስጡን ይብሰከሰካል። ይህንን በሕመም ሥራቸውን የተዉ ብዙ ሰዎች ያውቁታል።

ፔትሮቭ በስሙ የሉኪሚያ ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላው ነው፤ በርሚንግሃም ውስጥ ዋይቻል ዋንደረርስ የሚባል፣ ከ35 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች እሁድ እሁድ የሚጫወቱበት ቡድን ውስጥ ገባ። እኛ የጤና ቡድን የምንለው ማለት ነው። አስቡት፤ ለቡልጋሪያ ከ100 ጊዜ በላይ የተሰለፈ፣ ከሴልቲክ ጋር የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ የተጫወተ ሰው፣ ሳምንቱን በሌላ ሥራ ከሚውሉ ሰዎች ጋር ጭቃ ሜዳ ላይ። ጭብጨባ ደስ ይላል፤ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ግን የበለጠ ያስፈልገው ነበር።

በ2016 ክረምት፣ ቪላ ወደ ቻምፒዮንሺፕ በወረደበት ጊዜ፣ ፔትሮቭ 37 ዓመት ገደማ ሆኖት ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ ጀመረ። የወዳጅነት ጨዋታዎች ላይም ማሊያውን ለብሶ ገባ። አሰልጣኙ ሮቤርቶ ዲ ማቲዮ ነበር። የሚገርመው፣ ያን ቀን 19ኛው ደቂቃ ላይ ሲጨበጨብ ቼልሲን ይዞ መስመር ዳር የቆመው እሱው ነው። በመጨረሻ ለፔትሮቭ ውል አልተሰጠውም።

ክለቡን አልወቅስም። ከ4 ዓመት በላይ ከውድድር ለራቀ አማካይ ያ ሊግ ከባድ ነው። ሙከራውን ከንቱ የሚሉ ሰዎች ግን አይገቡኝም። በ2013 ያስቆመው በሽታው ነበር። በ2016 እንደ ማንኛውም ተጫዋች ሜዳ ላይ ታይቶ፣ በአሰልጣኝ ውሳኔ ቀረ።