ጭምብሉና እኔ

በዚህ ማሠልጠኛ ውስጥ ማንኮራፋቴን የማያውቅ ካለ፣ ትናንት የገባ ሠልጣኝ መሆን አለበት። የመምህራን መኖሪያው ግድግዳ ስስ ነው። ጎረቤቴ «ዛሬም ወፍጮ ቤት ከፍተህ አደርክ» እያለ ሲቀልድብኝ ስቄ አልፈው ነበር። ማንኮራፋት የጥጋብ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ማን እንደ በሽታ ይቆጥረዋል?

ባለፈው ዓመት ግን፣ በማስተማር ልምምድ ወቅት፣ አንዲት ሠልጣኝ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ስታስተምር ልገመግም ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ክፍልፋይን ለማስረዳት ዳቦ ይዛ መጥታለች። ዳቦውን ለሁለት ስትቆርስ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ደወሉን ነው። ሕፃናቱ ይሥቃሉ፤ እሷ አልሣቀችም። እኔም ቅጹን ሞልቼ ማርክ ሰጠኋት፤ ያላየሁትን ትምህርት! «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብላ ስትቀበለኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ባለቤቴ «ሌሊት ትንፋሽህ ቀጥ ይላል፤ እየነቀነቅሁህ ነው የማድረው» ካለችኝ ቆይታለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ደረቴና ጣቴ ላይ መለኪያ ታስሮልኝ አንድ ሌሊት አደርሁ። በሰዓት 34 ጊዜ ትንፋሼ ይቋረጣል ወይም ያጥራል ተባልሁ። 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ የሚባለው ደረጃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ የአንዳንዶቻችን ጉሮሮ ጨርሶ ይዘጋል፤ 10 ሴኮንድና ከዚያም በላይ አየር አይገባም፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰናል። ሰውዬው ሲባንን አድሮ ጧት «ደኅና ተኛሁ» ይላል። (በመኝታ አዳራሽ ያላችሁ ሠልጣኞች፣ ጓደኛችሁ እንዲህ ሲሆን ከሰማችሁ አትሣቁበት፤ ንገሩት።)

የታዘዘልኝ ክኒን አይደለም። በቱቦ አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር ሞተርና አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብል ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። መሣሪያውን ውጭ አገር ያለ ወንድሜ ላከልኝ።

አይ የመጀመሪያው ሌሊት! ልጄ «አባዬ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ» ብሎ ሣቀ። እኔ ግን የታፈንሁ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አውልቄ ወረወርሁት። በማግሥቱ ለብሼ ተኛሁ፤ ጧት ወለል ላይ አገኘሁት። መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም። አፌን ስከፍት አየሩ በዚያ እየወጣ ምላሴ እንደ ቆዳ ይደርቃል። እንዳያፈስ ብዬ ማሰሪያውን ባጠበቅሁት ቁጥር አፍንጫዬን ያቆስለኛል፣ ማፍሰሱንም አልተወም። ሁለት ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ከአልጋ ሥር ከተትሁት። ሁለቱንም ጊዜ ያወጣሁት ያ የዳቦ ነገር ትዝ ሲለኝ ነው።

ሐኪሙን በስልክ ብጠይቀው «ቀን፣ ሳትተኛ ልመደው» አለኝ። እንግዲህ ማታ ማታ ጭምብሉን አድርጌ የፈተና ወረቀት ማረም ጀመርሁ። መጀመሪያ ጭምብሉን ብቻ፣ ኋላም ከነሞተሩ። ማሰሪያውን አላላሁት፤ ለካ መቀመጥ ያለበት ፊት ላይ ነው እንጂ ፊት ውስጥ አይደለም። ግፊቱ ከ4 ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ታዘዘልኝ 11 የሚወጣበት ቁልፍ እንዳለውም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ጧት ስነሣ ራሴን አላመመኝም፤ ሁልጊዜ ያመኝ እንደነበር እንኳ ያስተዋልሁት ያኔ ነው።

መብራት ሲጠፋ ግን ሞተሩ ይቆማል፤ እኔም አውልቄ ወደ ጥንቱ ወፍጮ እመለሳለሁ። ጎረቤቴ አሁን «ትናንት ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?» ነው የሚለኝ።

ባለፈው ሳምንት ያቺን ሠልጣኝ ጠርቼ፣ በትምህርቷ ላይ ተኝቼ እንደነበር ነገርኋት። «አውቃለሁ ጋሼ» አለችኝ። ጥቂት ዝም አለች። «ማርኩ ጥሩ ስለነበር ለማንም አልተናገርሁም። ግን እንዴት እንዳስተማርሁ እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነበር።»

ያንኑ ትምህርት እንደገና ልታስተምርልኝ ተስማምታለች። ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ዳቦውን እኔ እገዛለሁ ብያታለሁ።