«አያቴ መጽሐፉ ውስጥ አለ ወይ?»

ከሞምባሳ ናይሮቢ ለመግባት አውሮፕላን አለ፤ በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራ የጀመረ ፈጣን ባቡርም አለ። እኔ ግን አውቶቡስ ያዝኩ። አውራ ጎዳናው ከአሮጌው ሐዲድ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚጓዘው፤ ደስ ባለኝ ከተማ ወርጄ ማደርም እችላለሁ። የመጣሁት ያንን ሐዲድ የዘረጉ ሰዎችን ዘሮች ፍለጋ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልታየኝም።

ቦርሳዬ ውስጥ «ዘ ኢን-ቢትዊን ዎርልድ ኦቭ ቪክራም ላል» የተሰኘውን ልብ ወለድ ይዣለሁ። ደራሲው ኤም. ጂ. ቫሳንጂ ናይሮቢ ተወልዶ ዳሬ ሰላም ያደገ፣ በኋላም ካናዳ የከተመ ሕንዳዊ አፍሪካዊ ነው። በ2003 የካናዳን የጊለር ሽልማት ያስገኘለት ይኸው መጽሐፍ ነው። የተራኪው የቪክራም አያት ከፑንጃብ መጥቶ ሐዲዱ ላይ የሠራ የቀን ሠራተኛ፣ አባቱ የናኩሩ ባለ ሱቅ፣ ራሱ ቪክራም ደግሞ ከነጻነት በኋላ በባለሥልጣናትና በገንዘብ መካከል የሚመላለስ አቀባባይ ነው።

ሐዲዱ ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ ተነስተው በ1901 መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደረሱ፤ ቦታዋ ዛሬ ኪሱሙ ትባላለች። የእኛው የጅቡቲ ባቡር ሥራ በ1897 ስለተጀመረ ሁለቱ መንገዶች እኩዮች ናቸው። ለኬንያው 32 ሺህ ያህል ሠራተኛ ከሕንድ በውል መጣ። 2,500 የሚሆኑት ሞቱ። ብዙዎቹ ውላቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ 6,700 ያህሉ እዚሁ ቀሩ። በመካከላቸው ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ ድንጋይ የጠረቡ፣ ብረት የቀጠቀጡ፣ እንጨት ያገጣጠሙ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ።

ቮይን ስናልፍ አፈሩ ቀላ፤ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ አቧራ ቁጥቋጦውን ሁሉ አልብሶታል። ዝሆኖቹ ሳይቀሩ በዚህ አፈር ተለቅልቀው ቀይ ሆነዋል። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። እዚሁ ጻቮ ወንዝ ላይ በ1898 ሁለት አንበሶች ድልድይ ሠራተኞቹን ሌሊት ከድንኳናቸው እየጎተቱ ሲበሉ ሥራው እስከ መቆም ደርሶ ነበር። ሥራውን የሚመራው ጆን ፓተርሰን ሁለቱንም ገደለና በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ዝናው በዓለም ናኘ። አንበሶቹም ዛሬ ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ ይታያሉ። መጀመሪያ ከተበሉት አንዱ ኡንጋን ሲንግ የተባለ የሠራተኞች አለቃ ነበር፤ ሲክ ነው።

ማኪንዱ ወረድኩ። የተማረክሁትም እዚህ ነው።

የካምባ ሕዝብ አገር ነው፤ ደረቅ፣ ሞቃት፣ የጭነት መኪና የሚበዛበት። ከመንገዱ ዳር ግን ጥላው የረዘመ ግቢ አለ፤ ረጅም ምሰሶ ላይ ብርቱካናማ ሰንደቅ ይውለበለባል። የሲኮች ቤተ ጸሎት ነው፤ ጉርድዋራ ይሉታል። በ1926 የሐዲድ ሠራተኞች ናቸው የሠሩት። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ራስ ይሸፈናል። ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣል ሳደርግ ደጁ ላይ የነበሩት ሰውዬ ፈገግ አሉ። ማንነቴን፣ ሃይማኖቴን፣ ከየት እንደመጣሁ ማንም አልጠየቀኝም። የተጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በልተሃል?

ላንጋር የሚባለው የጋራ ማዕድ ለመጣ ሁሉ ነጻ ነው። አጠገቤ የጭነት መኪና ሹፌርና ረዳቱ፣ ወዲያ ፊት ለፊቴ ከናይሮቢ የመጡ ባለጠጋ የሚመስሉ ቤተሰቦች ተቀምጠዋል፤ ለሁላችንም የቀረበው አንድ ዓይነት ነው። የምስር ወጥ፣ አትክልት፣ ትኩስ ቻፓቲ፣ ቅመም የገባበት ሻይ በወተት። በኬንያ ገጠር ሁሉ ቻፓቲ የበዓል ምግብ መሆኑን ሳስብ፣ ሠራተኞቹ ከሐዲዱ ሌላ ምን ትተው እንደሄዱ ገባኝ። ማደሪያም ሰጡኝ። ልክፈል ስል አንቀበልም አሉ፤ የወደደ መዋጮ ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል።

ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጬ መጽሐፌን ስገልጥ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት ሽፋኑን አይተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንብቤዋለሁ፣ ልጄ፤ ደራሲው ብርቱ ነው።»

«ወደዱት ታዲያ?»

«የጎረቤትን ሠርግ የመውደድ ያህል ወደድኩት» ብለው ሳቁ። «የላል ቤተሰብ ሂንዱ ነው፤ ነጋዴ ነው። የእኔ አያት ፉንዲ ነበር፤ አናጢ። መጋዝ የያዘ ሰው ማስታወሻ አይጽፍም፤ ስለዚህ ደራሲም አያገኘውም። የፓተርሰንን መጽሐፍ ብታነበው ሲክ በስሙ ተጠርቷል፤ ግን የተጠራው አንበሳ ስለበላው ነው። እኔ ሳይበላ የኖረውን ሲክ የሚጽፍልኝ እፈልጋለሁ።»

ወሬያችንን ስታዳምጥ የነበረች ኬንያዊት መምህርት ገባችበት። ተማሪዎቿን ለጉብኝት ይዛ የመጣች ናት። «ሙዜ፣ እርስዎ አያትዎን አጡ፤ እኔ ደግሞ አያቴን አገኘኋቸውና ከሩቅ ሆኑብኝ» አለቻቸው። የቪክራምን የልጅነት ጓደኛ ንጆሮጌን ትወደዋለች፤ በእንግሊዞች ላይ የተነሳው የማኡ ማኡ ዓመፅ ዘመን ስጋትም በትክክል ተጽፏል ትላለች። «ግን ሁሉን የማየው በቪክራም ዓይን ነው። ያው ታሪክ በንጆሮጌ አፍ ቢነገር ሐዲዱ የሚጀምረው ከሞምባሳ ሳይሆን ከተወሰደው መሬት ነበር።»

አዛውንቱ አልተቆጡም። «እሱንም የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አሏት።

ናይሮቢ ስደርስ ሦስተኛ ዓይነት አንባቢ ገጠመኝ፤ የመጽሐፍ ነጋዴ፣ የሕንድ ተወላጅ። የእሱ ቅሬታ ሌላ ነው። «ስንት ሰው እያለ ተራኪው ሙሰኛ ይሁን? ደንበኞቼ ‹ስማችንን አጠፋ› እያሉ ይገዙታል» አለኝ። መግዛታቸውን ግን አልጠላውም።

ከዚያ በኋላ ከተማዋን የጎበኘሁት በእነዚህ ሰዎች ጥያቄ ነው። የባቡር ሙዚየሙ ውስጥ፣ በ1900 ኪማ በተባለው ጣቢያ የፖሊስ አዛዡን ቻርልስ ራያልን አንበሳ ጎትቶ ያወጣበት ፉርጎ ቆሟል። ለማየት ያስፈራል፤ እኔ ግን የፈለግሁት ሳይበሉ የኖሩትን ነበር። እነሱም ሞልተዋል። ማክሃን ሲንግን ውሰዱ፦ በ1935 የሠራተኛ ማኅበር መሠረተ፤ በ1950 ናይሮቢ ላይ በአደባባይ ሙሉ ነጻነት ይሰጥ አለ፤ እንግሊዞችም እስከ 1961 ድረስ 11 ዓመት ገደማ አሰሩት፤ የኋላው ፕሬዚዳንት የጆሞ ኬንያታ እስር እንኳ ይህን ያህል አልረዘመም። ጆጊንደር ሲንግ ደግሞ ኬሪቾ ተወልዶ የሳፋሪ ራሊ የመኪና ውድድርን በ1965፣ በ1974 እና በ1976 አሸንፏል። አቭታር ሲንግ ሶሃል ከ1960 እስከ 1972 በአራት ኦሊምፒኮች ለኬንያ ሆኪ ተጫውቷል። ታክሲ ነጂዬ ስለ ልብ ወለዱ ሰምቶ አያውቅም፤ «ጆጊንደር» ስለው ግን መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ኩርባ አሳየኝ።

ሦስቱን አንባቢዎች አንድ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ያኔ ታየኝ። ማንኛቸውም መጽሐፉ በደንብ ተጽፏል ወይ ብለው አልጠየቁም። የጠየቁት «እኔ የማውቀው ሰው እዚያ ውስጥ አለ ወይ?» ብለው ነው። ተቺ ይህን ጥያቄ የዋህ ሊለው ይችላል። እኔ ግን የታሪክ ልብ ወለድ ትልቁ ክብር ይመስለኛል፤ ሰው የማይመለከተው መጽሐፍ ውስጥ አያቱን አይፈልግም። የጎደለውን የሚያስቆጥር መጽሐፍ ቀጣዩን መጽሐፍ ይወልዳል።

ጥያቄው ለእኛም ቤት የሚሆን ነው። በ1941 ከጣሊያን ጋር ከረን ላይ በተደረገው ከባድ ውጊያ የእንግሊዝ ጦር አካል ሆነው ከተሰለፉት ሕንዳውያን መካከል ሲኮች ነበሩ። በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለው ሲኮችና ሂንዱዎች መታሰቢያ እዚያው የጦር መቃብሩ ውስጥ ይገኛል። ያ ድል ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ እንዲገቡ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። ስለ ዘመኑ በአማርኛ ያነበብኳቸው ልብ ወለዶች ውስጥ አርበኛው አለ፣ ባንዳው አለ፣ ጣሊያኑ አለ፤ ባለ ጥምጥሙ ወታደር ግን አልገጠመኝም። የሚጽፈው ሰው ከተነሳ ማኪንዱ ጎራ እንዲል እመክረዋለሁ፤ ምሳውን በነጻ ይበላል፣ ሳይጠይቅም የሚተቹት አንባቢዎች ያገኛል።