ይቅርታው የማን ነው?

ጠበቃ የሚለውን ቃል ያወቅሁት ፍርድ ቤት ከመግባቴ ብዙ ዓመት በፊት፣ በልጆች አገልግሎት ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪያችን የመጀመሪያውን የዮሐንስ መልእክት ምዕራፍ 2 ስታስረዳን፣ «ጠበቃ ማለት መናገር ሲያቅትህ የሚናገርልህ ነው» ብላን ነበር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስማር ደግሞ ቃሉ «ጠበቀ» ከሚለው ግስ መምጣቱን ልብ አልኩ። ጠበቃ አፍ ብቻ አይደለም፤ ዘብም ነው። በወንጀል ችሎት ግን ሁለቱ ተለያይተው አገኘኋቸው። የሚናገር ሞልቷል፤ የሚጠብቅ ነው የጠፋው።

አንድ ልጅ የተደበደበበት መዝገብ ሲከፈት ዐቃቤ ሕጉ የሚቆመው ለመንግሥት ነው። ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጽፎለታል። ልጁስ? ልጁ ምስክር ነው። መጥሪያ ይደርሰዋል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ይሰናበታል። «ይህ ልጅ ዛሬ ማታ የት ያድራል?» ብሎ መጠየቅ የማንም የሥራ ድርሻ አይደለም። አንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች ልጅን በሚመለከት ሁሉ የልጁን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል፤ ነገር ግን ደኅንነቱ ምን እንደሆነ ለዳኛው የሚያስረዳ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ከሌለ፣ ዳኛው ከወረቀት ላይ ሊያነበው አይችልም።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ዴቪድ ሱካፕ የተባለ ዳኛ፣ በቂ ሳያውቅ በልጆች ሕይወት ላይ መወሰኑ ስለከበደው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ተራ ሰዎችን በበጎ ፈቃድ አሠልጥኖ ለተጎዱ ልጆች በችሎት እንዲናገሩ አደረገ። የሕግ ባለሙያ መሆን አልተጠየቁም፤ ልጁን ማወቅ ነበር ሥራቸው። በኛም አገር በአዲስ አበባ ልደታ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ የሆነ ችሎት አለ። ልጁ ተከሳሹን ሳያይ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ይመሰክራል፤ ጥያቄውንም ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በልጅ ቋንቋ ታደርስለታለች። እኔ በ2011 በነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት የማገለግል ተማሪ ሳለሁ የደረሰኝ ጉዳይ የታየበት ችሎት ግን ካሜራ አልነበረውም። የነበረው በረንዳ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው።

ስሟን አልጽፍም። ከዳባት በላይ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች ናት። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወርዶ እንደወጣ ቀርቷል። ጎንደር ከተማ የምትኖር የሥጋ ዘመድ «ላስተምራት» ብላ ከአያቷ እጅ ወሰደቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር አልያዘችም። ሊጥ ታቦካለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ጀርባዋ ላይ ያለውን የገመድ ሰንበር ያየችው እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ጎረቤት ናት፤ ወደ ቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ እጇን ይዛ የወሰደቻትም እሷው። እኒህ ጎረቤት ሴት ማንም ሳያሠለጥናቸው፣ ሲያትልን ካርታ ላይ ሳያውቋት፣ ሱካፕ የፈለገውን ሥራ ሠርተዋል።

አራት ጊዜ ተቀጠረ። አንዴ ምስክር ቀረ፣ አንዴ ዳኛው በስብሰባ፣ ሌላውን ረሳሁት። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ጠዋት ተከሳሿና ልጅቷ በዚያው በአንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሌላ መቀመጫ የለማ! ሥራዬ በመካከላቸው መቀመጥ ሆነ። በሁለተኛው ቀጠሮ ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ በጀርባዬ በኩል ዘረጋችላት፤ ልጅቷም ተቀብላ በላች። ይህን ያየ አንድ የችሎት ተላላኪ፣ «ታዲያ ምን ትካሰሳላችሁ፣ ይኸው ታርቀዋል» አለኝ። የራበው ልጅ ዳቦ መቀበሉ እንዴት ዕርቅ እንደሚሆን እስከ ዛሬ አይገባኝም።

መከላከያው ሁለት ነበር። አንደኛው «የቀጣኋት ለተግሣጽ ነው» የሚል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታን፣ የሚበድልን፣ ከዐቅሙ በላይ የሚያሠራን አሳዳጊ ይቀጣል፤ በመጨረሻው ንኡስ አንቀጽ ግን ለማረም የሚደረግን ተመጣጣኝ ቅጣት ወንጀል አያደርገውም። ቤተ ክርስቲያን ያደግን ሁላችን በትሩን የሚያነሣውን የምሳሌ መጽሐፍ ምዕራፍ ስለምናውቅ ይህ ክርክር በጆሯችን ጥሩ ይሰማል። ሆኖም ያ አባት የሚቀጣው የሚያስተምረውን ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ያልላኳትን ልጅ ሊጡ ቀጠነ ብሎ በገመድ መግረፍ የትኛው ተግሣጽ ነው?

ሁለተኛው መከላከያ ይበልጥ ብልጥ ነበር፤ «15 ዓመት የሞላት ተቀጣሪ ናት፣ እኔም አሠሪ እንጂ አሳዳጊ አይደለሁም» የሚል። የልደት ምስክር ወረቀት የላትም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት በደጋው የተወለደ ልጅ ዕድሜው ያለው በሰው አፍ ነው። ስለዚህ አፉን ፍለጋ ሄድን። ከጎንደር ዳባት በአውቶቡስ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ በእግር። አያቷን ገብስ ሲያበራዩ አገኘናቸው።

«እማማ፣ መቼ ነው የተወለደችው?»

«ሚሊኒየም ሚሊኒየም እየተባለ ራዲዮው በጮኸበት ዓመት ነዋ፣ ልጄ። ገብስ ስናጭድ። እናቷ ከማሳው ነው ምጥ የያዛት።»

ሚሊኒየሙ 2000 ነው፤ አጨዳው ኅዳር። ስለዚህ 11 ዓመቷ ነው። እማማ እስከ ችሎት ድረስ መጥተው ይህንኑ መሰከሩ፤ የክርስትና እናቷም ደገሙት። ከዚያ በኋላ ስለ ተቀጣሪነት ያነሣ የለም።

ከባዱ ግን ችሎቱ አልነበረም። ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ፤ ከእነሱም አንዱ ከልጅነቴ ጀምሮ የማከብራቸው የምእመናን ሽማግሌ ነበሩ። «እኅቴ፣ ይቅር ማለት ትእዛዝ ነው። ቤተሰብ በፍርድ ቤት አይበተንም። ካሣ ተነጋግረናል፤ አያትየውም እሺ ብለዋል» አሉኝ።

ሽምግልናን አልንቅም። በኛ ደጋ በድንበርና በደም የተፈላለጉ ቤቶችን ያስታረቀው እሱ ነው፤ ፍርድ ቤት የማይደርስበት ብዙ ቦታ ደርሷል። ነገር ግን በዚያ ዕርቅ የተቀመጡት ሁሉ አዋቂዎች ነበሩ። ካሣውን የሚቀበሉት አዋቂዎች፣ ይቅር የሚሉትም አዋቂዎች። «ጋሼ፣ ልጅቷን ጠይቃችኋታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥዬም ዘኬዎስን አነሣሁባቸው፤ እሱ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለተቀማው ሰው ነው፣ ለአጎቱ አይደለም። ተቆጥተው ሄዱ። ለተወሰኑ እሑዶች ሰላምታችን ቀዝቅዞ ነበር። እኔ አሁንም እንዲህ እላለሁ፦ የሌላውን ሰው ቁስል ይቅር ማለት ርኅራኄ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ መመጽወት ነው።

ሴትዮዋ ጥፋተኛ ተባለች። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ያደረው ልጅቷ ለማን ትሰጥ በሚለው ላይ ነበር። አባትየው ወሬውን ሰምቶ ከሁመራ መጣና «ልጄ ናት» አለ፤ ሊወስዳትም የፈለገው ወደዚያው ወደ ሰሊጡ ነው። እዚህ ላይ የረዳን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በጥቅምት 2000 በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። በዚያ መዝገብ አባትና አክስት ስለ አንድ ወንድ ልጅ ተካሰው፣ የሥር ፍርድ ቤቶች «አባት ይቅደም» ቢሉም ሰበር ሽሮታል፤ ከአባት መብት የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ላሳደገችው አክስት ወሰነ። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ፣ ውሳኔውን አትመን ከማመልከቻው ጋር አያያዝነው።

ዳኛው ልጅቷን ቢሮአቸው አስገብተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቋት። «የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» አያቷ ጋ ትላለች ብዬ ነበር።

«ትምህርት ቤት ካለበት» አለች።

ዳባት ከተማ የምትኖር የእናቷ እኅት አሳዳሪ ሆና ተሾመች። ትእዛዙ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በየሦስት ወሩ ጎብኝቶ ሪፖርት እንዲያደርግም ይላል። ባለሙያዋ አንዲት ናት፤ ቀበሌዎቹ ብዙ፤ የትራንስፖርት በጀት የለም። ስለዚህ የወጣቶች ኅብረታችን የአውቶቡስ መሳፈሪያ አዋጣ፤ ሁለት ሁለት እየሆንን አብረናት ልንሄድ ተስማማን።

የመጀመሪያው ጉብኝት ሚያዝያ ላይ ነበር። በማለዳ ተነሣን፤ የኮሶዬ ጉም እስኪገለጥ ሾፌሩ እየተጠነቀቀ ነዳ። ልጅቷ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ተቀምጣለች፤ ከሁሉም በቁመት ትበልጣለች፤ ይህም ያሳፍራታል። አክስቷ ቡና አፈላች። ባለሙያዋ ጀርባዋን አየች፣ ጤና ጣቢያ መሄዷን ጠየቀች፣ ቅጹን ሞላች። ልንወጣ ስንል ልጅቷ በር ላይ ቆማ፣ «ቀጠሮው መቼ ነው?» አለችን።

«ሐምሌ 8» አልናት። ደብተሯን ገልብጣ በጀርባው ላይ፣ ቀስ እያለች ጻፈችው።