ሳንመራረጥ የተጣመርን

ይህችን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ሁለት ዕጩ መምህራን ነን። ብዕሩን የያዘው አንዳችን ቢሆንም ነገሩ የሁለታችን ስለሆነ «እኛ» እያልን እንቀጥላለን።

ሁለታችንም የመቲ ልጆች ነን። አንዳችን ከማጃንግ ቤተሰብ፣ ሌላችን ከደጋ መጥተው እዚያው ቡና ተክለው ከቀሩ ሰዎች ተወለድን። በአንድ ከተማ አድገን፣ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረን ሳለ ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበረንም። ምክንያቱ ለመቲ ሰው እንግዳ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በጎደሬ ወረዳ በማጃንግና በደገኞች መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ሲጠፋ እኛ ገና ልጆች ነበርን። ተጠላሉ ብሎ ያስተማረን የለም፤ ዝም መባባልን ግን ከትልልቆቹ ወረስን።

ለማስተማር ልምምድ ወደ መቲ አካባቢ ስንመደብ ጓደኞቻችን እየተመራረጡ ተጣመሩ። እኛ ሁለታችን ተረፍን። ተቆጣጣሪያችንም «በሉ እናንተ አንድ ላይ ሁኑ» ብለው ስማችንን በአንድ መስመር ጻፉት። በዚህ ዓይነት አንድ ክፍል፣ አንድ የኪራይ ቤትና አንድ ድስት ደረሰን።

በጠባይም አንገጥምም። አንዱ የትምህርት ዕቅዱን ከዋዜማው በማስመሪያ አስምሮ ካልጻፈ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌላው ደግሞ «ልጆቹን ሳላይ ምን ብዬ አቅዳለሁ?» እያለ ጠመኔውን በኪሱ ከትቶ ብቻ ይሄዳል። አንዱ ሽሮ ካልሆነ ሲል ሌላው የተቀቀለ ጎደሬ ይበቃኛል ይላል። በዚህም በዚያም ስንጨቃጨቅ ሰነበትን።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገር መጣ። ባለ ዕቅዱ በሁለተኛ ክፍል ከ32 ላይ 17 መቀነስን ያስተምራል። «ከጎረቤት እንዋሳለን» እያለ ሦስት ጊዜ አስረዳ፤ ድምፁንም ከፍ አደረገ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ በማጃንግኛ የሆነች ነገር ጣል ሲያደርግ ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። ጥግ ይዞ ይከታተል የነበረው ጓደኛውም አብሮ ሣቀ። ከክፍል ሲወጡ «ምን ብሎ ነው?» ቢለው «ምንም» አለው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ዝምታው ያው የድሮው ዝምታ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ዝናቡ አላስወጣ ቢለን አንድ ጎረቤታችን የሆነ መምህር በላፕቶፑ ፊልም ሊያሳየን ጠራን። ፊልሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 የወጣው «ራሽ አወር» ነው። ጃኪ ቻን የሆንግ ኮንግ መርማሪ ሊን፣ ክሪስ ታከር ደግሞ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ካርተርን ሆነው ይሠሩበታል። የቻይና ቆንስል ልጅ ታፍናለች። አሜሪካኖቹ መርማሪዎች ሊ በጉዳያቸው እንዲገባ አይፈልጉም፤ የካርተር አለቆችም በካርተር ተማርረዋል። ስለሆነም የማይፈለገውን ሰው የማይፈለገው ሰው እንዲጠብቀው ይደረጋል። እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳናስበው ተያየን። እኛም ከዝርዝሩ የተረፍን ነንና!

ካርተር ሊ እንግሊዝኛ የማይችል መስሎት ቃላቱን እየጎተተ ይጮኽበታል። ሊ ፈገግ እያለ ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ቋንቋውን አጣርቶ እንደሚችል ይታወቃል። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ከመካከላችን ግን ባለ ዕቅዱ መሣቁን አቆመ።

ወደ ቤት ስንመለስ «እኔም እንደዚያ ነበር የምጮኸው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላውም ልጁ የተናገረውን ያን ጊዜ ነገረው። ነገሩ «ይህ ሰውዬ ማንን ነው የሚቆጣው?» ማለት ኖሯል። ለካስ ልጆቹ የተቆጣቸው መስሏቸዋል እንጂ አልናቁትም! ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህ የከበደ ነበር። «ያልነገርኩህ ስትዋረድ ደስ ብሎኝ ነው» አለው። ይህን ማውጣት ለተናጋሪውም ለሰሚውም ቀላል አልነበረም። ሌሊቱን ብዙ ተነጋገርን፤ በ2007 የየቤታችን ሰው ስለ ፈራው ነገርም አነሣን።

ሰኞ ዕለት አንድ ላይ ገባን። ዕቅዱ የአንዱ፣ መላው የሌላው ነበር። የቡና ፍሬ ዐሥር ዐሥሩን በቅጠል ቋጥረን ሦስት ቋጠሮና ሁለት ፍሬ ጠረጴዛ ላይ አኖርን። ሰባት ፍሬ ለማንሣት ሁለቱ ስለማይበቁ አንዱን ቋጠሮ ፈታን፤ ዐሥራ ሁለት ሆኑ። አንዱ በማጃንግኛ፣ ሌላው በአማርኛ አስረዳ። ዐሥራ ሰባቱ ሲነሡ ዐሥራ አምስት እንደ ቀረ መጀመሪያ የተናገረው ያው የኋላ ወንበር ልጅ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ!

የማይገጥሙ ጥንዶችን የሚያሳዩ ፊልሞች ብዙ ናቸው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ኤዲ መርፊ እስረኛ፣ ኒክ ኖልቲ ፖሊስ ሆነው የሠሩት «ፎርቲ ኤይት አወርስ» አለ፤ በ1987 ደግሞ ሜል ጊብሰንና ዳኒ ግሎቨር የሠሩት «ሊዝል ዌፐን» ወጥቷል። በሁሉም ላይ አንድ ነገር ታዝበናል። ጥንዶቹን የሚያስማማቸው የጋራ ጠላት ነው። ወንጀለኛው ባይኖር ካርተርና ሊ በየበኩላቸው በሄዱ ነበር። ይህ ለፊልም ያምራል፤ ለመቲ ግን አይበጅም። በጠላት የተገኘ ወዳጅነት ሌላ ጠላት ሲፈልግ ይኖራል። እኛን ያስማማን ሠላሳ ሁለት የቡና ፍሬና መልሱን የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለውም ሁለቱ ሲደማመጡ ይመስለናል።

ዛሬም ድስቱን ማን ይጠብ በሚለው እንጨቃጨቃለን። ሆኖም መጨቃጨቅ ዝም ከመባባል ይሻላል። ስለዚህ ዕጩ መምህራን ሆይ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ሳትመርጡት ከቀረ ሰው ጋር ስማችሁ በአንድ መስመር ቢጻፍ ቅር አይበላችሁ። ልጆቹ የሣቁበትን ግን ዕለቱን ንገሩት።